ስፔሶ የምትባለው ቃል

ጣሊያንኛ መማር የጀመርኩት ኮልፌ ያለው የምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ከጣሊያን ማሽን ስላስመጣ ነው። አለቃዬ ከሻጮቹ ጋር በስልክ የሚነጋገርለት ሰው ሲፈልግ እኔ ቀልጠፍ ብዬ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴል እየሄድኩ እማር ጀመር።

አስኮ ብቻውን የሚኖረው አባቴ ጣሊያንኛ እንደሚችል ለአለቃዬም ለመምህሬም ትንፍሽ አላልኩም። ወጣት ሳለ ጋራዥ ውስጥ ጣሊያናዊ መካኒክ ሥር ዓመታት ሠርቷል። እኛ ልጆቹ ግን የሱን ጣሊያንኛ ከካቻቢቴና ከካንዴላ የማያልፍ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ቋንቋ አድርገን ነበር የምናየው። ጓደኞቼ ፊት ሲናገረው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እና የሚያስተምረኝ አባት እያለልኝ ቤቴል ድረስ ሰው ፍለጋ ሄድኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ መምህራችን «ስፔሶ» የምትባል ቃል አስተማረችን። «ብዙ ጊዜ ማለት ነው» አለችን፤ እኔም ደብተሬ ላይ እንደወረደ ጻፍኩት።

በማግስቱ አስኮ ሄድኩ። ከፋሲካ ወዲህ ደርሼ አላውቅም፤ ጊዜው ደግሞ ጥቅምት ነው። መንገዱ ርቆኝ እንዳልል፣ ታክሲ ከተገኘ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዣለሁ፤ ሙዝ ግን የስድስት ወር መጥፋት አይሸፍንም። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቷል። «ብዙ ጊዜ ሆነኝ ሳልመጣ» ብዬ በጣሊያንኛ ይቅርታ ልጠይቀውና ላስደስተው አሰብኩ።

«ፓፓ፣ ስፔሶ ኖን ቬንጎ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ልትል ፈልገህ ነው?»

ነገርኩት።

«እሱማ ‹ዳ ሞልቶ ቴምፖ› ነው የሚባለው» አለኝ። «ረጅም ጊዜ ለማለት። ስፔሶ ለሚመላለስ ሰው ነው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚል። አሁን ያልከው ‹አብዛኛውን ጊዜ አልመጣም› ነው።» «እሱ እንኳ እውነት ነው» ብሎ ጨመረ።

አነጋገሩ ከመምህራችን ይልቅ የጠራ ነበር። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ስህተቴ ከእኔ የበለጠ ሐቀኛ ሆኖ አረፈው። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዕፍረቴ ለመውጣት ቸኩዬ፣ ቃሏ እንደገባችኝ ላሳየው ፈለግኩ።

«ቬንጎ ስፔሶ» አልኩት። ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ።

አባዬ አልተቆጣም። ከሙዙ አንዱን ገንጥሎ ሰጠኝና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

«አሁን ሰዋስዉ ተስተካክሏል» አለኝ፤ «ውሸት ሆነ እንጂ።»