የሙላትን ቢራ ይዤ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

ሐሙስ፦ ከባሕር ዳር ንፋስ መውጫ

ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ አልክድም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያለው ሰው እኔን ሳያውቀኝ አልቀረም። ሚኒባስ ከመሳፈሬ በፊት ጎማውን በእግሬ ነካ ነካ አደርጋለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ «ይኼ ምን ሊጠይቀኝ ነው?» እላለሁ። ሃያ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ተማሪ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ገብቶናል!» ሲለኝ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ጧት፣ ሦስት ሳጥን ቢራ ይዤ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ቢራው የአብሮ አደጌ የሙላት ነው። ሙላት በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ጠማቂ ነው። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ግን በጓሮው ባለች ክፍል የራሱን ቢራ ይጠምቃል፤ ክራፍት የሚሉትን፣ በትንሽ በትንሹ በእጅ የሚሠራውን ዓይነት። ገብሱን የሚያስመጣው ከትውልድ አገራችን ከጋይንት ነው። ሦስት ዓይነት አለው። ነጩ የብርቱካን ልጣጭ ገብቶበታል፣ ቀዩ ማር አለው፣ ጥቁሩ ከተቆላ ገብስ የተጠመቀ ነው።

ሙላት ከፋብሪካው መልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፎ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧል። ሰኞ ሊያስገባው ነው።

«የአገራችን ሰው ከወደደው አበቃ፣ ሰኞ ደብዳቤዬን አስገባለሁ» አለኝ። «አንተ የቁጥር ሰው ነህ። አቅምሳቸውና ከአሥር ነጥብ አሰጥተህ አምጣልኝ።»

ሚስቱ ብርቱካን ሳጥኖቹን በገመድ ሳስር ስታግዘኝ ቆይታ፣ እሱ ዞር ሲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ልጆች ናቸው ያሉን። አደራህን፣ እውነቱን ይዘህልኝ ና» አለችኝ።

እውነቱን! እውነቱማ ቢራው አይጣፍጠኝም። ነጩ ሳሙና ሳሙና ይለኛል፣ ቀዩ የሳል ሽሮፕ ነው፣ ጥቁሩ ያረረ ቆሎ የተዘፈዘፈበት ውኃ ነው። ግን መጀመሪያ ያቀመሰኝ ቀን ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ጊዜ «ግሩም ነው!» ብዬ አመለጥሁ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልመለስ? ሰባት ወር ሙሉ ግሩም ነው፣ ግሩም ነው ስል ኖርሁ። ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ያስራል።

ከወረታ አለፍ ብለን ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ ምልክት የሌለውን ጠርሙስ አንሥቶ በፀሐይ አየው፣ ነቀነቀው፣ አሸተተው።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ቢራ ነው።»

«የምን ቢራ? ስም የለውም እኮ። እስቲ ቅመሰው።»

ከፍቼ ከነጩ ተጎነጨሁ። ፊቴን ትኩር ብሎ አየና «አይዞህ፣ አትፍራ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው» ብሎ አሳለፈኝ። የፈራሁ መስሎታል፤ እኔም ሳሙናው ነው አላልሁትም።

ደብረ ታቦር ላይ ሽሮ በልተን ጉናን ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል፤ እኔ ደግሞ ፍሬኑን እያዳመጥሁ ነው። ንፋስ መውጫ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባን። የከተማዋን ስም ማን እንዳወጣው አላውቅም እንጂ አልዋሸም፤ ከመኪናው ስወርድ ባርኔጣዬን ከመንገዱ ማዶ ነው ያገኘሁት።

አመሻሽ ላይ ያረፍሁበት ሆቴል በረንዳ ላይ ስድስት ሰዎች ሰበሰብሁ፤ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች። ከሦስቱም ቀዳሁላቸው።

«ዘጠኝ!» አለ አንዱ ገና ሳይውጠው።

«የአገር ልጅ የሠራው እኮ ነው! እኔም ዘጠኝ» አለ ሌላው።

አንድ ብቻ «ስምንት፣ ለቀዩ ስኳሩ በዛብኝ» አለና ወዲያው ደንግጦ «ስምንት ተኩል አድርግልኝ» አለ። ሌላው ጨጓራዬን ያመኛል ብሎ ብርጭቆውን ከነሙሉው ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ደብተሬ ላይ ስጽፍ ደስ አላለኝም። በነጻ የሚጠጣ ነገር መቼ ይመራል? አምስት ሰው እንደ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ ሲያመሰግን ጠረጠርሁ። የኔ «ግሩም» ግን ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ።

ዓርብ፦ ቤተ ልሔም

በጧት ወደ ታች ጋይንት በሚያወርደው መንገድ በሚኒባስ ሄድሁ። ሹፌሩ ለሳጥኖቹ የሰው ታሪፍ ካልከፈልህ አለኝ፤ ተጨቃጭቀን በግማሽ ተስማማን። ከዋናው መንገድ ወርጄ አህያ ተከራየሁ። ገብሱ እየታጨደ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ አውድማው ተለቅልቆ በሬዎቹ ማበራየት ጀምረዋል። ባለ አህያው በየአሥር እርምጃው «ምን ጠርሙስ ነው ይህ ሁሉ? ጠበል ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ጠበል ነው ብለው ኖሮ በነጻ በጫነልኝ ነበር።

ቤተ ልሔም የሄድሁት መሪጌታ ኅሩይን ብዬ ነው። ለእኔም ለሙላትም ፊደል ያስቈጠሩን እሳቸው ናቸው። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ተማሪ ያስቀጽላሉ፣ ቃል በቃል ያስጠናሉ። ጉልበት ስሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«ዓርብ ቀን?» አሉ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃም አይቀመስ! ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤታቸው ገብተን ቀዳሁላቸው። ነጩን አንድ ጊዜ ቀምሰው ወደ ደጅ ደፉት። «ይህ ልብስ ይታጠብበት።» ቀዩንም እንዲሁ። «ይህ ለሕፃን ነው።» ወይ ጉድ! በሰባት ወር ውስጥ ያሰብሁትን በግልጥ የተናገረ ሰው አገኘሁ። ጥቁሩን ሲቀምሱ ደግሞ ምላሳቸውን አጣጣሙ።

«ጌሾው የት ሄደ?»

«በፈረንጅ ጌሾ ነው የሚጠምቀው፣ መሪጌታ።»

«ገብሱም አርሯል። ሲቆላ እንቅልፍ ወስዶታል። ያ ሙላት ዱሮም እንቅልፋም ነበር፤ ደንቆሮ! እስቲ ጨምርልኝ።»

ጨመርሁ። እሱንም ሰድበው ጨረሱና እንደገና ጣሳቸውን ዘረጉ። እየሰደቡ መጠጣት ምን ዓይነት ነገር ነው? በነጻ ስላገኙ ነው፣ ዱሮም መጠጥ አይጠሉም ነበር አልሁ በልቤ።

«ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ? ሦስት በል።»

ጻፍሁት። ስወጣ ግን አማካዩን ያበላሽብኛል ብዬ ሰረዝሁት።

ቅዳሜ፦ ስማዳ

በማለዳ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ወደ ስማዳ ከተማ ወደ ወገዳ ሄድሁ። መንገዱ ገደል ለገደል ነው፤ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ የስማዳ ሰው ነው።

«ጠላ የሚያውቅ ሰው ከፈለግህ እማማ ጥሩወርቅ ቤት ግባ» አለኝ። «ግን ተጠንቀቅ፣ እሳቸው ሰው አያምኑም።»

እኔን የሚመስል ሰው ተገኘ ማለት ነው።

አጥሩ ላይ ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ነው። እማማ ጥሩወርቅ ስድሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ያደገደጉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ጠላ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ከዚያ ጣሳዬን ሞሉ። ሃያ ብር ነው። ጉሽ ነው፣ ወፍራም፣ ጌሾው ምላስ የሚይዝ። ገበያ ውለው የገቡት ገበሬዎች ደግሞ በጠላ ይከራከራሉ። አንዱ ጢስ ካልሸተተኝ ጠላ አልለውም ይላል። ሌላው ተጣርቶ ኩልል ያለውን ነው የምወድ ሲል «እሱማ የአራስ መጠጥ ነው!» ብለው ሳቁበት።

ቢራዬን አወጣሁና ለእማማ ቀዳሁ። ጣሳውን ገፉልኝ።

«ምነው? ቀድመህ ቅመስ እንጂ! እኔ ሳልቀምስ ሰጥቼሃለሁ?»

«እሺ እማማ፣ ይቅርታ» ብዬ ከነጩ ተጎነጨሁ። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም።

«የማን ጠመቃ ነው?»

«የጓደኛዬ ነው።»

«ትወደዋለህ?»

«በጣም! ግሩም...»

«ኧረ ወዲያ! ገና ጉሮሮህ ሳያወርደው አፍህ ግሩም ይላል። ፊትህ ኮሶ የጠጣ ነው የሚመስለው!» ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። «አንተ የማትወደውን ነው አገር ለአገር ይዘህ የምትዞረው?»

አፈርሁ። ለመከላከል ያህል ደብተሬን አወጣሁና ዘጠኙን፣ ስምንት ተኩሉን አነበብሁላቸው። ጨርሰው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንቱ ደገመ?»

ደብተሬን አገላበጥሁ። ከንፋስ መውጫዎቹ ማንም አልደገመም።

«ባሌ የሞተ ጊዜ ነው ጠላ መሸጥ የጀመርሁ» አሉ አጠገቤ ተቀምጠው። «የመጀመሪያው ጋን ጢስ በዝቶበት ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ጎረቤቱ ሁሉ እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ ብሎ አንዳንድ ጣሳ ጠጥቶ ወጣ። በማግስቱ የመጣ የለም። ሁለተኛውንም ጋን እንደዚያው ጠመቅሁ፤ እሱም ተደፋ። ልጆቼ ጦም አደሩ። ኋላ አንድ መንገደኛ ነው፣ እህቴ ይህ እኮ የጢስ ውኃ ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲያ ምስጋና አልሰማም ልጄ። የወደደ ሰው እየተሳደበም ቢሆን ይደግማል።»

እየተሳደበም! መሪጌታ ትዝ አሉኝ። ብዕሬን አውጥቼ የሰረዝሁትን ሦስት እንደገና ጻፍሁትና ከጎኑ «ሁለቴ ደገሙ፣ ጥቁሩን» ብዬ ጨመርሁበት። ቢራውን ቤቱ ውስጥም አዞርሁ። ነጩንና ቀዩን የደገመ የለም። ጥቁሩን ጢስ ወዳዱ ገበሬ «መጥፎ ነው ግን አምጣው» ብሎ ደገመ፤ ባለ ኩልሉ ደጅ ወጥቶ ተፋው። እማማ ራሳቸው ቀመሱና «ጌሾ ያንሰዋል» ብለው ጣሳቸውን ደፉ።

እሑድ፦ መካነ ኢየሱስ

ከስማዳ ወደ እስቴ ስሻገር ሌሊቱን መንገድ ላይ አደርሁ፤ መንገዱንም መንገድ አልለውም። መካነ ኢየሱስ ላይ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ሰዓት፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከነርሶችና ከቢሮ ሠራተኞች ጋር ተቀመጥሁ። ነጥብ አልጠየቅሁም። ቀድቼ ዝም ብዬ እጃቸውን ማየት ጀመርሁ።

አንደኛዋ ብርጭቆውን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። «ዋው፣ ከለሩ ራሱ!» አለች። ጓደኛዋ «ቴስቱ ዲፈረንት ነው» አለ። ሁለቱም ብርጭቆውን ሦስት ጣት ያህል አጉድለው አስቀመጡት። ጥቂት ቆይቶ ልጁ እጁን አነሣና አስተናጋጇን «እስቲ ሁለት ድራፍት አምጪልን» አላት። ድራፍቱን ሲደግሙት ቆጠርሁ። አፋቸው ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን ከዚህ በላይ ምን ይናገሩኝ?

ከሰዓት በኋላ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሙሉ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። አማካዩን ብነግረው ይደሰታል፤ ነገ ጧት ደብዳቤውን ያስገባል፤ እኔም ጓደኛዬን አላስቀይምም። ከዚያስ? ብርቱካን እንደ እማማ ጥሩወርቅ የማይሸጥ ቢራ ስትደፋ ታየችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሹፌሩን፣ ባለ አህያውን፣ መሪጌታን ሳይቀር ጠረጠርሁ። ዋናው ውሸታም እኔ ነበርሁ፤ እሱን ግን ማንም እንዲፈትሸው አልፈቀድሁም። እንዲህ ያለ ነገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለራስ ማወቅ ያሳፍራል።

ቤት

ሙላት በር ላይ ጠበቀኝ። ብርቱካን ከኋላው መጥታ ቆመች።

«እሺ! ስንት አመጣን?»

«ንፋስ መውጫ ላይ፣ ወደ ዘጠኝ።»

«አላልኋችሁም!» ብሎ ሊያቅፈኝ ሲመጣ እጄን ዘረጋሁበት።

«ቆይ ሙላት። ነጥቡ ውሸት ነው። ይህን ሁሉ አገር ዞሬ ሁለተኛ የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁሩን። አንዱ መሪጌታ ኅሩይ ናቸው። ደንቆሮ ብለውሃል።»

«ደገሙ?»

«ሁለቴ። ጌሾው የት ሄደ እያሉ።»

ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ «አንተስ?» አለኝ።

ደብተሬን ዘጋሁ። «እኔ አልወደውም። ሦስቱንም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሰባት ወር ሙሉ ግሩም ነው ስትል፣ አንድ ቀን ጨምርልኝ ብለኸኝ አታውቅም።»

ደነገጥሁ፤ ተናደድሁም። «ካወቅህ ታዲያ ለምን ላክኸኝ?»

«ምን ላድርግ? የመጣው ሁሉ ግሩም ነው ይለኛል። አንተም እንዲህ ካልኸኝ ማንን ልጠይቅ?»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ደግነቱ ማንም አላየኝም፣ ሁለቱም መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ሙላት ተነሥቶ ከመሳቢያው ደብዳቤውን አወጣና ለብርቱካን ሰጣት። ነጩንና ቀዩን እንደሚተው፣ ጥቁሩን ግን በዕረፍት ቀኑ በአገር ጌሾ እንደገና እንደሚሞክረው ነገረን። እሷ ደብዳቤውን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

እራት ሲቀርብ ብርቱካን ከጎረቤት አንድ ማሰሮ ጠላ አስመጣች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ቀዳችልን። ስለ ጠላው ማናችንም አንድ ቃል አልተናገርንም። እኔም ሙላትም ደገምን።