ባሌ ያቃናው በር

ባሌ ጠማማ ነገር አይወድም። ባትላሜራ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጨራመተ መኪና እየቀጠቀጠ ሲያቃና ኖሯል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደን እንኳ የግድግዳ ፎቶ ያቃናል። «ተው፣ ያሳፍራል» ብለው ማን ሊሰማኝ! እኔ እሱ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ፤ ስለዚህ ጉዱን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪናቸውን ለቀለም አመጡ። በዓለም ላይ የቀረው ከአርባ አይበልጥም አሉን። እኔ ደግሞ አርባ ሰው ደፍሮ መግዛቱ ነው የገረመኝ። ከፊት በግራ ሁለት መብራት፣ በቀኝ አንድ፤ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ያበጠ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ይመስላል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጎማ ሠሪው «እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም» ብሎ ማለ። ፀጉር ሠሪዋ «ዓይንህን ታከም» አለችው፤ በዚህ ተኳርፈው ሁለት ቀን ሰላም አልተባባሉም። ባሌ ከእሷም የባሰ ነበር። «ይሄን የነደፈው ሰውዬ ያን ቀን ከሚስቱ ተጣልቶ ነበር» እያለ ቀለሙን ይፍቃል።

ሲፍቅ በሩ ላይ ሰፋ ያለ ስርጉድ አገኘ። ተገጭቶ ነው፣ ሽማግሌው መንገሩን ረስተውት ነው ብሎ ሊያስደስታቸው ፈለገ። ቀኑን ሙሉ ቀጥቅጦ እንደ ጠረጴዛ ለጥ አደረገው። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከተጠጋበት ግድግዳ ገፍቶ ሲያወጣው፣ በዚያኛውም በር ላይ ያው ስርጉድ ቁጭ ብሏል! በልኩ፣ በቦታው። ለካ ሲሠራም እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።

«ወይ ጉዴ!» ብሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ደውልና እውነቱን ንገራቸው» አልኩት።

«አብደሻል? ሠላሳ ዓመት መኪና አበላሸ ተብዬ አላውቅም። ስሜ አለቀ በይ!»

ሽማግሌው ሊመጡ አራት ቀን ቀርቷቸዋል። ካርቶን ቆርጦ ካልተነካው በር ልክ ወሰደ። አሸዋ የሞላ ከረጢት ከሥር አነጠፈና ያቃናውን በር በእንጨት መዶሻ መልሶ ይሰረጉድ ጀመር። ሲያቃና የኖረ እጅ ማጣመም አልሆንልህ አለው። ይመታል፣ በመዳፉ ይዳብሳል፣ ሰውዬውን ከነዘር ማንዘሩ ይረግማል። በሁለተኛው ቀን እርግማኑን ተወ። ምሳ ሳቀርብለት አልሰማኝም፤ ብርሃኑ በስርጉዱ ላይ ሲንሸራተት ፈዞ ያያል። «ነይ እስቲ ዳብሺው» አለኝ። ዳበስኩት። እውነቴን ነው፣ እጄን መልሼ ማንሳት አልፈለግኩም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባሌ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽማግሌው አዲስ የተቀባውን በር በእጃቸው አበሱና «ተባረክ፣ ቅርጹን ሳትነካብኝ ቀባህልኝ» አሉት።

ተረፍን! ልቤ መለስ አለልኝ። ይሄኔ እንኳ ዝም አይልም? ምን ያድርግ፣ በዕድሜው የሠራው ምርጥ ሥራ እንዳልተሠራ ሊቆጠር ነው። አልቻለም።

«ጋሼ፣ እሱ የኔ ሥራ ነው» አለና አንድ በአንድ ዘረገፈው። እግሩን ልረግጠው ብሞክር አልደረስኩም።

ሽማግሌው መኪናውን ሦስቴ ዞሩት። አንዱን በር ዳበሱ፣ ሌላውን ዳበሱ። በመጨረሻ «የትኛው ነው?» አሉ።

ባለቤታቸው ግን ነደዱ። «ቆይ፣ ተቃንቶ ነበር? ሃያ ዓመት በዚህ አስቀያሚ በር አልገባም ብዬ በታክሲ ስከተለው ኖሬ፣ ተቃንቶ ነበር? አሁኑኑ መልሰህ አቃናው!»

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፣ መኪናቸውን አዩ። ወዲያው ድምፃቸው ለስለስ አለ። «እሺ በቃ፣ በእሷ በኩል ያለውን አቃናው።»

ባሌ መዶሻውን አነሳ። ከጀርባው ደበቀው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ እኔ እንዲህ ያማረ በር አላበላሽም።»