እኩል የተካፈልነው መድኃኒት

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት የጀመረ፣ ከወረዱ በኋላ ያለቀ ነገር ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ ወሩን ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የወንድሜ ልጆች አንዳንዴ "ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?" ይሉኛል። እኛ ያኔ ዓመት የምንቆጥረው በዘር ነበር። የምንዘራው ሲጠፋ በምን ልቁጠረው?

የማስታውሰው ሳሉን ነው። ሚስቴ መጀመሪያ ስትስል አቧራ ነው ብለን ነበር፤ ዝናብ ከቀረ ወዲህ አገሩ ሁሉ አቧራ ነበርና። በኋላ ነጠላዋን ሰው አያጥብብኝ ማለት ስታበዛ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ከእጇ ቀምቼ ዘረጋሁት። ደም ነበረበት። እሷም ቀና ብላ አየችኝና፣ "እንግዲህ አወቅክ" አለችኝ።

ድሮ ቢሆን የቅሬው፣ የመንደሩ እድር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መካነ ሰላም ከተማ ያደርስልን ነበር። ቅሬ የሚቀብር ብቻ አይደለም፤ በሽተኛም ይሸከማል። በዚያ ዓመት ግን ቃሬዛ የሚችል ትከሻ ማን ነበረው? የሞተውንም የሚቀብሩት በየመሐሉ ቁጭ ብለው እያረፉ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ገና ያልሸጣት በቅሎ ነበረችው፣ እሷን ተውሼ ሚስቴን ጭኜ ግማሽ ቀን ሄድን።

ሕክምናው ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ ለፈቃድ ደሴ ወርዶ በዚያው ቀርቷል አሉ። የቀረችው አንዲት ሲስተር ናት። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን በሽምግልናዬ እሷ ብል የምትቀየመኝ አይመስለኝም። ቀጭን ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ ስትናገር ግን አትቸኩልም። የሚስቴን ጀርባ አዳመጠች፣ አክታዋን በጭነት መኪና ደሴ ላከች። መልሱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሳንባ ነቀርሳ።

"መድኃኒት አለው" አለችን። "መርፌው በየቀኑ ነው፣ ኪኒኑ ደግሞ ከዓመት በላይ። ግን መሐል ላይ ማቋረጥ የለም። ማቋረጥ ካለመጀመር ይከፋል፤ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል።"

"ውሻ በትር እንደሚለምድ?" አለቻት ሚስቴ።

"እንደሱ። ከለመደ ወዲያ አይፈራም።"

"አብሽሩ ሲስተር፣ አላቋርጥም።"

በየቀኑ ከአገራችን መመላለስ ስለማይቻል ሲስተሯ ከሕክምናው ማድ ቤት ጀርባ ጥግ ሰጠችን። ሳርና እንጨት ለቃቅሜ ጎጆ ቢጤ ቀለስኩበት። እኔ ለሕክምናው ውሃ እቀዳለሁ፣ እንጨት አመጣለሁ፤ ሚስቴ በየጧቱ መርፌዋን ትወጋለች። እንዲህ እያለ ሳሉ ቀነሰላት። ደሙም ቆመ። አንድ ቀን ውሃ ይዤ ስመለስ ከማድ ቤቱ ደጅ ተቀምጣ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ እንዳታቋርጥ ብዬ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ በሽታ ያገኘነው ደስታ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ከዓባይ ቆላ ሰው ይወጣ ጀመር። ገደሉን በእጁም በእግሩም ይዞ የወጣ ሰው ነው። ከተማው ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እህል አይደለም፣ መርፌ ነው። ነጭ የለበሰች ሴት መርፌ ወግታ ሰው ታስነሣለች የሚባል ወሬ ቆላ ድረስ ወርዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ በሩን ይዘው፣ "ልጄ፣ አንዲት መርፌ ብቻ" አሏት።

"አባባ፣ የሚያምዎት ምንድን ነው?"

"ጉልበቴ ከዳኝ።"

"ምን በልተዋል?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

"ለዚህ የሚሆን መርፌ የለኝም አባባ።"

"ለነሱ አለሽ" አሉና በከዘራቸው ወደ እኛ አመለከቱ። ሚስቴ ፊቷን አዞረች። ሲስተሯ ገብታ በዱቄት ወተት የተበጠበጠ አንድ ኩባያ አመጣችላቸው። ቀስ ብለው ጠጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ "በይ እንግዲህ፣ መርፌውን" አሏት። ከሁለት ቀን በኋላ ከገበያው ዳር ተቀበሩ።

ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ዘማች ተማሪዎች መጡ፣ ማኅበር ተቋቋመ። አልዋሽም፣ መሬት ላራሹ ሲባል እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያጨበጨብኩትም ከልቤ ነው። ለሕክምናውም አዲስ መመሪያ መጣ። ሲስተር ከእንግዲህ ቤት ተቀምጣ መርፌ የምትወጋ ብቻ አይደለችም፤ በየማኅበሩ ዞራ ምንጭ ታስጠርጋለች፣ ጉድጓድ ታስቆፍራለች፣ በሽታ ሳይመጣ ትከላከላለች ተባለ።

"ትክክል ናቸው" አለችን ለእኔና ለሚስቴ። "እኔም ባዝ የማዘው ይኼንኑ ነው። ግን ያለኝ ሁለት እግር ነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣችበት ገጠር ስትመለስ እየሳቀች መጣች። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ስታስተምር አንድ ባላገር ተነሥቶ፣ "ሲስተር፣ ጉድጓዱን እንቆፍራለን። ግን ምን በልተን ነው የምንሞላው?" አላት፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ለእኛ ስትነግረንም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቀረ፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ጀመር።

እሷ ገጠር ስትሰነብት የሚስቴን መርፌ ማን ይውጋ? ሲስተሯ አንድ ዱባ ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ይዛ መጣችና እኔን አስቀመጠችኝ። ብልቃጡን እንዴት እንደሚበጠብጡት፣ መርፌውን እንዴት እንደሚቀቅሉት፣ ከዳሌ ላይ የትኛው ቦታ ነርቭ እንደሌለው አሳየችኝ። እጄ ማረሻ የለመደ ነው። ዱባውን ስወጋ ዋልኩ። ሚስቴ ተጋድማ ታየኛለች።

"ተሻለው?" አለችኝ።

"ማን?"

"ዱባው።"

ማታ ቀቅለን በላነው። በማግስቱ እሷን ስወጋት ዓይኔን ጨፈንኩ። "ኧረ ግለጥ አንተ ሰው፣ እኔ ዱባ አይደለሁም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ለመደ።

ከደሴ መድኃኒት የሚያመጣው መኪና የቀረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዴ ዝናብ መንገዱን ቆረጠው ይሉናል፣ አንዴ መኪናው ለሌላ ሥራ ተወስዷል ይሉናል። ብልቃጡም ኪኒኑም እያነሰ ሄደ። መርፌውን ጀምረው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሚስቴ። በከተማውና በዙሪያው የሚስለው ግን ብዙ ነው። ይኼ ነገር አዲስ የተቋቋመው የከተማው ኮሚቴ ዘንድ ደረሰና ስብሰባ ተጠራ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ "በድሮው ጊዜ ጌታው ይታከማል፣ ድሃው ይሞታል። ዛሬ ማን ይዳን፣ ማን ይሙት ብሎ የሚመርጥ የለም። የእርዳታው ስንዴ በጣሳ እኩል እንደተሰፈረ መድኃኒቱም እኩል ይካፈላል።" ተጨበጨበ።

ሲስተሯ ተነሣች። "መድኃኒት እንደ ስንዴ አይደለም። ስንዴ ግማሽ ጣሳም ቢሆን ለግማሽ ሆድ ይሆናል። የዚህ ግማሹ ባዶ ነው። ያለው ለሦስቱ ይሰንብት፣ መኪናው እስኪመጣ ያቆያቸዋል። ለሁሉም ከተካፈለ ማንም አይድንም።"

"ሦስቱን ማን መረጣቸው? አንቺ ነሽ?" አላት አንዱ። ያን ጊዜ አንቱታው ቀርቶ ነበር።

"ቀድመው መጡ።"

"ቀድመው የመጡት በቅሎ ስላላቸው ነው።"

ሰዉ ሳቀ። በቅሎዋ የውሰት መሆኗን ማን ይስማኝ? ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ከሳቁት ጋር አልሳቀችም። "የእኔ ልጅ ዘግይታ ስለታመመች ነው?" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሲስተሯ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "ውሃ ቀጂው ምን ይላል?"

ተነሣሁ። "ሲስተር ያሉት ነው ልክ። ሚስቴ እየዳነች ነው፣ አታስቀሩብኝ" አልኩ።

"ለሚስቱ ነው የሚናገረው" አለ አንዱ ከኋላ።

"ታዲያ ለማን ሚስት ልናገር?" አልኩት።

እንደገና ሳቁ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። እጅ አውጡ ሲባል ያላወጣ ሰው ጥቂት ነው። ከጎኔ ያለችው ሴትም አወጣች። አልፈረድኩባትም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አወጣ ነበር።

መድኃኒቱ ተካፈለ። ለአንድ ሰው የደረሰው ሳምንት እንኳ አይሞላም። የሊቀመንበሩም እናት ትስል ነበር፤ ለእናቱ አንዲት ብልቃጥ አልጨመረም፣ ይኼን መመስከር አለብኝ። ሲስተሯ ሰልፉን ሁሉ ወጋች፤ እንዳልተሸነፈ ሰው፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን እግዚአብሔር ይማርህ፣ አላህ አፊያ ያድርግሽ እያለች ነው የወጋችው። አንዳንዱ ድርሻውን አልወጋም ብሎ ብልቃጡን ይዞ ሄደ። ለባሰ ቀን ይሆነኛል ብሎ እንደ ዘር እህል ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሲስተሯ እየሮጠች ልታስረዳ ብትሞክር፣ "የተካፈልኩትን መልሰሽ ልትወስጂ ነው?" አሏት።

የሚስቴን ድርሻ የወጋሁላት እኔ ነኝ። ሲያልቅ ጠየቀችኝ፤ አለቀ አልኳት። "እንግዲያው እጅህ አረፈ" አለች። ሳሉ ሲመለስ ቀስ ብሎ አልመጣም።

እኔ መርፌ ሲያልቅ የሲስተሯም ሥራ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጧት፣ በዚያው በመርፌው ሰዓት፣ ባዶ እጇን ጎጆአችን ገባች።

"ሲስተር፣ አልቆ የለም? ምን ሊሠሩ መጡ?" አልኳት።

"ሥራዬ መርፌ ብቻ ይመስልሃል?" አለችኝ።

ሚስቴን በጎኗ ማዞር፣ የተኛችበት ጀርባዋ እንዳይቆስል ዘይት መቀባት፣ ውሃ በማንኪያ ማጠጣት፣ አክታውን አመድ ባለበት ጣሳ ተቀብሎ ማቃጠል፣ ይኼን ሁሉ ያስተማረችኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ገጠር ካልወጣች ሳትመጣ የቀረችበት ጧት የለም። አንድ ቀን የሚስቴን ጠጉር ስታበጥርላት፣ "ሲስተር፣ ለምትሞት ሰው ማበጠር ምን ያደርጋል?" አለቻት።

"የምትሞቺ አንቺ ብቻ መሰለሽ? ሁላችንም ነን። ተበጥረን እንሙት።"

"መኪናው ይመጣል?"

"አላውቅም እህቴ።"

ይመጣል ብላት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አላለቻትም። ሚስቴም እስክታልፍ ድረስ የምታምነው የእሷን ቃል ብቻ ነበር። ያረፈችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በከተማው ዘመድ የለን፣ ቅሬ የለን። ገላዋን ያጠበችው ሲስተሯ ናት። ጉድጓዱን ያስቆፈረልኝ ሊቀመንበሩ ነው፤ ፊቴን ሳያይ ቆሞ አፈሩን ይመለከት ነበር። የራሱን እናት የቀበረው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከሦስቱ አንዱም አልተረፈም። የዚያች በስብሰባው ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች ሴትዮ ልጅም አልተረፈችም። እኩል ተካፍለን እኩል ቀበርን።

እኔ ከቀብር ተመልሼ ጎጆዬ ውስጥ ተጋደምኩ። መነሣት አልፈለግኩም፣ እውነቱን ለመናገር ለመሞት እንኳ አልፈለግኩም፤ ምንም አልፈለግኩም። ጧት፣ በዚያው ሰዓት፣ ሲስተሯ መጣች። የታመመ የለም፣ የሚበጠር ጠጉር የለም። አጠገቤ ቁጢጥ አለችና፣ "ውሃ አልቋል፣ ተነሥ" አለችኝ። አልተነሣሁም። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ፣ ወተት በማንኪያ አጠጣችኝ፣ እንደ ሚስቴ በጎኔ አዞረችኝ። በማግስቱም መጣች፣ "ውሃ አልቋል" አለችኝ። ሲሰነባብት ተነሥቼ እንስራዬን ያዝኩ።

መኪናው ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጣ። የጫነው የስብሰባ ወንበር ነው። ሲመለስ ሲስተሯን ይዞ ሄደ፤ ከእንግዲህ በአጅባር በኩል የገጠር የጤና ረዳቶች ታሠለጥናለች ተባለ። ለዚያ የተሻለች ሰው እንደማይገኝ እኔም አውቃለሁ። ግን ሕክምናው በር ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለበት፣ የሚስለውም ሰው ከበሩ ፊት ተቀምጦ መሳሉን ቀጠለ።

እኔም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከዚያ ኀዘን ወጣሁ አልልም፣ አልወጣሁም። ግን በዚያ ጎጆ ውስጥ እንዳልቀር፣ እስከዚህ ሽምግልና እንድደርስ ያደረገኝ ሰው ማነው ብትሉኝ፣ ያቺ የመካነ ሰላም ሲስተር ናት።