የአጎቴ ድምፅና የወር መርፌ

አጎቴ ከሞተ በኋላም እናቴ ድምፁን ትሰማ ነበር። የምትሰማው ከእኔ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በር ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ስል በእጇ የያዘችው ነገር ሲወድቅ ይሰማኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይወድቅም፤ ዝም ብቻ ትላለች። ያ ዝምታ ከሁሉም ይከብደኝ ነበር። ከፍታ ስታየኝ «አንተ ነህ እንዴ» ትላለች፤ ሌላ ሰው ስትጠብቅ የቆየች ይመስል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ከአርቦዬ መጥቶ አሰላ እኛ ጋ በጓሮ ባለችው ክፍል ይኖር ነበር። በጣም ረጅም ሰው ነው። እጆቹ ከማንኛውም ኮት ያመልጣሉ፤ ልብስ ሰፊው እጅጌውን እየቀጠለ ነበር የሚሰፋለት። ጢም አላበቀለም፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ሚስት አላገባም። እናቴ ሲነሳባት «የጮሌዋን ልጅ ቢሰጡት ኖሮ» ትል ነበር። ጮሌ ከምትባለው ከተማ አንዲት ልጅ ተጠይቃ ቤተ ሰቦቿ እምቢ ብለው ስለነበር፣ ልቡ የተሰበረው ያኔ ነው ብላ ታምናለች።

አባቴ እህል ነጋዴ ነው። አጎቴ አብሮት ቢሠራም እህል እንዲገዛ አይላክም ነበር። እህል የሚገዛ ሰው ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ከሥር እፍኝ ያወጣና ያሸታል። የሻገተ ስንዴ ከላይ ሲያዩት ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጋልጠው ሽታው ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ከሳጉሬ ገበያ ሙሉ ጭነት የሻገተ ስንዴ ገዝቶ መጣ። መኪናው ግቢ ሳይገባ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጥቷል፤ እሱ ግን ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ጆንያ መስፋትና ሚዛን መጠበቅ ሆነ። ሰው ሁሉ «ሰነፍ ነው» አለ። እሱም አልተከራከረም።

እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በሳንባ ምች ሞተ። ያጠቡት አባቴና የሰፈራችን ሼህ ናቸው። በእኛ ዘንድ ወንድን ወንድ ያጥባል፤ ያጠበ ሰው ደግሞ ገላው ላይ ያየውን ለማንም አይናገርም። የሟች ገመና ከሟች ጋር ይቀበራል። አባቴ ከዚያ ክፍል ሲወጣ እጁን ደጋግሞ ሲያደርቅ አስታውሳለሁ፤ እጁ ከደረቀም በኋላ ፎጣውን አልለቀቀውም።

ከዚያ እኔ አደግሁ። አደግሁ ስል ቁመቴን ማለቴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ከክፍሉ ሁሉ እረዝም ነበር፤ ነገር ግን የሕፃን ፊትና የሕፃን ድምፅ ይዤ ነው። ግማሽ ጆንያ ማንሳት ያቅተኛል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አብሮኝ የሚቀመጠው ጓደኛዬ አገጬን በጣቱ እየነካ «የአንተ ጢም በፖስታ ነው እንዴ የሚመጣው? ሂድና ፖስታ ቤት ጠይቅ» ይለኝ ነበር። እስቅለታለሁ። የማልስቅለት ቤት ስገባ ነው።

እናቴ ጸጥ ያለ ነው ብላ ለጥናት የአጎቴን ክፍል ሰጠችኝ። የአሰላ ብርድ ሲበረታ ኮቱንም አወጣችልኝ። እጅጌው ልክ አንጓዬ ላይ አረፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስታወት ሚስማሩ የተመታው በእሱ ቁመት ነበር፤ ከቤተ ሰቡ ማንም ፊቱን አያይበትም ነበር። አንድ ቀን ቀና ስል ፊቴ መሐሉ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ሳነብ ጀርባዬን ለመስታወቱ እሰጣለሁ፤ ሆኖም ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። የምፈራው ሞቱን አልነበረም። የምፈራው ኑሮውን ነው፤ በዚያች ክፍል ጆንያ እየሰፋሁ ማርጀትን።

ሁለተኛ ደረጃን በጨረስኩበት ዓመት አባቴ ታሞ ስለነበር ሳጉሬ ስንዴ እንድገዛ ላከኝ። ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ እፍኝ አወጣሁ፤ እንደሚደረገውም ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም አልሸተተኝም። ምንም አለመሽተት ጥሩ ማለት መስሎኝ ገዛሁ። ስንዴው ሻግቶ ነበር። ያገበያየኝ ደላላ ኋላ አባቴ ፊት «ልጅህ ያጎቱን አፍንጫ ወርሷል» ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ለብዙ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን አዞረ።

ጢም የሚያበቅልና ጉልበት የሚሰጥ መርፌ መምጣቱን የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። እሱ ከአንድ ሾፌር ሰምቷል። «እኔም እወጋለሁ፤ ድካም ገድሎኛል» ብሎ መርፌውን ወደሚሰጠው የሆስፒታል ሐኪም አብሮኝ ሄደ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም የሚለው ይገባል። መጀመሪያ የጓደኛዬን አገጭ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«አንተ ጢም አለህ። ድካም የት ነው?»

«ሁሉም ቦታ፣ ዶክተር።»

«ሌሊት ምን ትሠራለህ?»

ጓደኛዬ ካርታ ሲጫወት እንደሚያድር አውቃለሁ።

«ለጤነኛ ሰው ይሄን መርፌ ከሰጠሁ፣ የራሱ ሰውነት ሥራ ያቆማል። ይሰንፋል። ለአንተ መርፌ የለም፤ እንቅልፍ አለ። ውጣ።»

እኔን ግን አላስወጣኝም። ገላዬን በጥንቃቄ መረመረ። ቀጥሎ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ጠርሙስ እንዳሸት አደረገኝ።

«የትኛው ላምባ ነው?»

«ሁለቱም ውሃ ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ክዳኖቹን ቀስ ብሎ ገጠመ። እንዲህ ያለ ነገር በአንዳንድ ቤተ ሰብ በእናት በኩል እንደሚመጣ፣ ማሽተት አለመቻልና ወንድ ሆኖ አለመጎልመስ አንድ ላይ እንደሚሄዱ አስረዳኝ። በዚህ ዓይነት ከሆነ ጉርምስናው በራሱ አይመጣም፤ በየወሩ መርፌ ያስፈልጋል፤ ልጅ ስለመውለድ ግን ቃል አይገባልኝም። እንዲሁ የዘገየሁ ከሆንኩ ደግሞ መጠበቅ ይሻላል፤ ያለጊዜው የተሰጠ መርፌ ጉዳት አለው።

«ቤት ውስጥ እንደ አንተ ያለ ሰው አለ?»

«ነበረ። ማሽተት አይችልም ነበር።»

«ገላውስ? ማን አየ?»

አባቴና ሼሁ ብቻ ናቸው ያዩት። ሐኪሙ ክረምቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ከዚያ በፊት የአጎቴን ገላ ነገር ካወቀ መርፌውን ጀምሮልኝ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም ባልንጀራው በአደራ ሊሰጠኝ ይችላል። ካላወቀ ግን «አልወጋህም» አለ።

አባቴን መጋዘን ውስጥ ለብቻው አገኘሁት።

«አባ፣ አጎቴ እንደ እኔ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ገላው። ሐኪሙ ይጠይቃል።»

«ሐኪሙ የሞተ ሰው ምን አደረገው? የሚታከመው አንተ ነህ።» ጆንያ ማሰሩን ቀጠለ። «ያየሁትን አፈር በልቶታል። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኩትም። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሐኪሙ ዕቃውን ማሸግ ጀመረ ተባለ። እኔ ለመልቀቂያ ፈተና አጠና ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሼ፣ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ትምህርቴን ጮክ ብዬ በቃሌ ስወጣ አባቴ በሩን ከፈተ። ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ጠራኝ። የጠራኝ ግን በእኔ ስም አልነበረም፤ በአጎቴ ስም ነው። ሁለታችንም ሰማነው። አባቴ መቃኑን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ተመልሶ ሄደ።

የሄደው ሼሁ ዘንድ ነው፤ የተነጋገሩትን የነገረኝ በኋላ ነው። ሼሁን «ያየሁትን ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም «ነውር ያየን እንደሆነ እንሸፍናለን። አንተ ያየኸው ነውር ነው ወይስ በሽታ?» አሉት። አባቴ «ያኔ ነውር መስሎኝ ነበር» አለ። «እንግዲያው ለሚጠቅመው ሰው ንገር። ለወሬ እንዳትናገረው» አሉት ሼሁ።

አባቴ ግን የሼሁ ፈቃድ ብቻ አልበቃውም። በማግሥቱ ጠዋት መቃብር ቦታው ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሣሩ ውሃ አዝሏል። ለሙታን ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ በኦሮምኛ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገር ዝግ ባለ ድምፅ፣ አጎቴን አፉ በለኝ፣ ልጁ የእህትህ ነው አለው። መልስ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆየ። እኔም ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሚመጣ ድምፅ ቢኖር የራሴ ድምፅ እንደሚሆን ታውቆኝ አፌን ዘጋሁ።

ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ። «ዕድሜው የትልቅ ሰው ነበር። ያጠብነው ግን የልጅ ገላ ነው።»

ወደ ሐኪሙ የሄድነው አባትና ልጅ ሆነን ነው። አባቴ ያንኑ ቃል ደገመለት፤ ሌላ አልጨመረም። የመጀመሪያውን መርፌ እዚያው ተወጋሁ። ለእናቴ ያን ዕለት አባቴ ነገራት። «እኔ ደግሞ ያችን የጮሌ ልጅ ስረግማት ኖርኩ» አለች።

አሁን አዲስ አበባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መርፌውን በየወሩ ከሐኪሙ ባልንጀራ ዘንድ እወጋለሁ። ይህን የምጽፈው ሼሁ እንዳሉት ለሚጠቅመው ሰው ነው፤ እንደ እኔ ዝም ብሎ የሚፈራ ወጣት ይኖራል ብዬ። ጓደኛዬ እንዳሰበው ተአምር አይደለም። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አይጥለኝም፤ ጆንያ አነሳለሁ፤ ከንፈሬ ላይ ጥቂት ጠጉር ወጥቷል። ማሽተት አልቻልኩም፤ እሱ አይመጣም ተብያለሁ። ልጅ ስለመውለድ እስካሁን የሚነግረኝ የለም። ሰውነቴ ሲበረታ ደግሞ አጎቴን ከበፊቱ ይበልጥ አየዋለሁ፤ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ሲል፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ለምን እንደሆነ ሳይገባው።

ለዕረፍት አሰላ የተመለስኩት ድምፄ ከተለወጠ በኋላ ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ በር ላይ ቆምኩና እንደ ወትሮዬ «ቤቶች!» አልኩ። ምንም አልወደቀም።

«ማን ልበል?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

በሩን ከፍታ አየችኝ፤ አቀፈችኝ፤ አገጬን በመዳፏ ዳሰሰች፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ስታለቅስ የደስታ መሰለኝ። ሻንጣዬን ይዛ ወደ ውስጥ ስንገባ ግን፣ ሳታየኝ፣ «እንግዲህ ወንድሜ ሁለተኛ አይጣራም» አለች።

በጓሮ በኩል የአጎቴ ክፍል በር ተዘግቶ ነበር፤ ከፈትኩት። ኮቱ አሁን ትከሻው ላይ ይጠበኛል፤ እናቴ ግን አላጠፈችውም፤ መስታወቱ አጠገብ እንደተሰቀለ ነው።