አንዱን ቆርቆሮ ብቻ

ከቆቦ የወጣሁበት ማታ ሙቀቱ አልበርድ ብሎ ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ከዋጃ የሚነሳው ሚኒባስ በመንገዱ ሊወስደኝ ነው፣ እናቴ እኔን ትታ ከሻንጣው ጋር ትሟገታለች፤ በርበሬውን ከላይ አድርጊው ትላለች፣ መልሳ ደግሞ ከታች ይሁን ትላለች። እኔ ግን ልቤ ጓሮ ነበር።

ከጓሯችን በስተጀርባ የእትዬ ዘሃራ ቤት አለ። መሀላችን ያለው አጥር ቁልቋልና የማሽላ አገዳ ነው፣ አጥሩ መሀል ላይ ደግሞ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍበት ማሾለኪያ አለ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ጨው በዚያ ያልፋል፣ ወንፊት ያልፋል፣ ፍም ያልፋል፣ የተጣላ ልጅ በዚያ አምልጦ ይሸሸጋል። በጾም የኛ ንፍሮ ወደዚያ ይሄዳል፣ በኢድ የነሱ ተምር ወደዚህ ይመጣል። የመንገዱ በር ለእንግዳና ለቀበሌ ሰው ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም።

እናቴ ስኳር አለባት። መርፌዋን ወግታ መብላት ከረሳች ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አፏ ይተሳሰራል። ወንድሜ ጌታቸው ደሴ ነው የሚነግደው። እኔ ከሄድኩ ቤቱ ውስጥ ከሷ በቀር ማንም የለም። እግሬ አልነሳ ያለኝ ለዚህ ነው። በማሾለኪያው ገባሁና እትዬ ዘሃራ ፊት ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ እማዬን ለማን ትቼ ልሂድ?»

«ለኔ ነዋ» አሉ። «ጧት በዚህች ብቅ እላለሁ፣ ማታ ብቅ እላለሁ። ወላሂ ሳላያት አላድርም። አብሽሪ፣ ሂጅ አንች።»

የሄድኩት ይህን ቃል ይዤ ነው። ስለ ቪዛውና ስለ ደላላው የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልደረሰባችሁም አይድረስባችሁ።

እንግሊዝ አገር በሰሜን በኩል አንዲት ዝናባም ከተማ አለች፣ እሷ ውስጥ ነኝ። አገሬ ነርስ ነበርኩ፣ እዚህ ኬረር ነኝ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ሰመር በሚሉት ወራት ሹራብ እለብሳለሁ። ቲማቲሙ ቀይ ነው፣ ጣዕም የለውም። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሁሉን ነገር መከፋፈላቸውን ነው።

የተከራየሁት ክፍል የድሮ ሳሎን ነበር፣ ሰፊ መስኮት ያለው። ገና ሳልጠግበው አከራዬ ጣውላ ተሸክሞ መጣ።

«ክፍሉ ሰፊ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ስለሰፋ ነው የተከራየሁት።»

«ፓርቲሽን ኦፍ ላደርገው ነው።»

አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ፤ አንዱን ነገር ለሁለት ከፍሎ፣ መሀሉን ዘግቶ፣ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሰማሁት በኋላ የትም ብሄድ አልለቅ አለኝ። ሥራ ቦታ ሳል ሲገባ ግማሹን ኮሪደር ሴክሽን ኦፍ ያደርጉታል። አዛውንት ሲታጠቡ መጋረጃ ይሳባል፣ ከርተን ኦፍ ነው። የአትክልቱን ኩሬ አጥረው ፌንስ ኦፍ አድርገውታል፣ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ሪባን ወጥረው ኮርደን ኦፍ ይላሉ። አንዲት አሮጊት ከወዲያኛው ጫፍ ያለች ጓደኛዋ ዘንድ ውሰጂኝ ብላ ብትለምነኝ፣ ኮሪደሩ ተዘግቷልና በበሩ መስታወት እጇን አወዛውዛ ተመለሰች። በዚያ ቀን ምሳ አልበላችልኝም።

ጣውላው መጥቶ መስኮቱን ለሁለት ገመሰው። መስታወቱ ግማሹ የኔ ሆነ፣ መክፈቻው ከወዲያ ቀረ። ኪራዩ ብቻ ፓርቲሽን ኦፍ አልሆነም፣ እንዳለ ቀጠለ።

ከወዲያ ሩዶ የምትባል የዚምባብዌ ልጅ ገባች፣ ሥራዋ እንደኔ ነው። በመጀመሪያው ጧት ጣውላውን ቆርቆር አድርጌ ደህና አደርሽ ወይ አልኳት። ዝም። በማግስቱም ቆረቆርኩ፣ ዝም። ማታ አከራዬ ደውሎ «ጣውላውን እየደበደብሽ ጎረቤትሽን አስቸግረሻል» አለኝ። እፍረቱ አንገቴን አስደፋኝ። በቆቦ ጎረቤቱን ሰላም ያላለ ነው የሚከሰሰው።

ያስታረቀን የእናቴ በርበሬ ነው። ፌስታሉን ስፈታ እኔ አነጠስኩ፣ ሩዶ ከወዲያ አነጠሰች፣ እየሳለች መስኮቱን ከፈተች። ጣውላው መስታወቱ ጋ አልደረሰም ኖሯል፤ ጣት የሚያህል ክፍተት ነበር። በዚያ በኩል «ምንድነው ልትገድይኝ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ አሳለፍኩላት፣ እየቆረጠመች «ጣውላውን የምትመቺው ዝም በይ ለማለት መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት በክፍተቱ እንጠያየቃለን፤ እኔም ሲሞቀኝ «ሩዶ፣ መስኮት» እላታለሁ፣ ትከፍትልኛለች።

ይህ ሲለመድ ጊዜ አከራዬን ደፍሬ ለመንኩት።

«እዚህ ጋ ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ቢያደርጉልን?»

«ለምን?»

«ለሰላምታ።»

«ኮሪደር አለላችሁ እኮ።»

«ኮሪደሩ ውጭ ነው።»

«ኮሪደሩ ቤት ውስጥ ነው» አለና በሐዘኔታ አየኝ። በሁለተኛው ቀን ያቺን የጣት ክፍተት በፎም ሞላት። ፎሙ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ አብጦ ወደኔ ተንዠረገገ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ሳወራላት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ምነው እማዬ?»

«ጌታቸው እኛንም አጥሮናል» አለች።

ለጣራው ማደሻ ብር ልኬ ነበር። ከጣራው ቆርቆሮ ተረፈ፣ የተረፈውን ምን ያድርገው፣ ቁልቋሉን ነቅሎ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር አጠረበት። ማሾለኪያው የለም።

«እትዬ ዘሃራስ?»

«በመንገድ ትዞራለቻ። ጉልበቷን ታውቂው የለ፣ ስትችል ትመጣለች።»

ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደወልኩ፣ እናቴ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። እትዬ ዘሃራ ዘንድ ደወልኩ።

«ቆይ፣ ልዙር» አሉ።

ስልኩን እንደያዙ ወጡ። በፊት ሦስት እርምጃ ነበር። አሁን በመተላለፊያው ወርደው፣ አስፋልት ላይ ወጥተው፣ በሱቁ ዞረው ነው። የባጃጅ ጥሩምባ እሰማለሁ፣ ሰው ሰላም ሲላቸው «መጣሁ፣ መጣሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ሱቁ ጋ ቆሙ። «ጉልበቴ... ቆይ ልጄ» አሉ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የበሩን ቆርቆሮ ሲደበድቡት ጆሮዬ ውስጥ በረዶ ይወርዳል። «ጥሩዬ፣ ጥሩነሽ» እያሉ እናቴን ይጣራሉ፣ መልስ የለም። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ወደ ጣውላው አድርጌ አለቅሳለሁ። ሩዶ ሰምታኝ በኮሪደሩ ዞራ መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

አንድ ባጃጅ ነጂ በአጥሩ ላይ ዘሎ ገብቶ ከፈተላቸው። እናቴ አልጋው ሥር ተቀምጣለች፣ ልብሷ በላብ ርሷል፣ አፏ ተሳስሯል አሉኝ። «ስኳር በውሃ፣ እትዬ፣ ቶሎ» አልኩ። በጠበጡ። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ «ዋጠች» አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ ዋጠች።»

እናቴ ነፍስ ስትዘራ እትዬ ዘሃራ ስልኩን መልሰው አነሱ። ድምፃቸው ደክሟል። «ለወንድምሽ ንገሪው። አንዱን ቆርቆሮ ብቻ ያንሳልን። ሌላው ይቁም፣ አንዱን ብቻ።»

ወዲያው ደሴ ደወልኩ። «እማዬን ፌንስ ኦፍ አድርገሃታል» አልኩት።

«ምን አድርጌያታለሁ?»

«ከሰው ለይተህ አጥረህባታል። ዛሬ ልትሞት ነበር።»

ደነገጠ፣ ስለ ጤናዋ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ስለ ቆርቆሮው ግን «ጊዜውን አታይም? ሌባ ቢገባባትስ?» አለ።

«ሌባው እትዬ ዘሃራ ናቸው?»

«እንደሱ አላልኩም። እሳቸው እንደሆነ በመንገድ መዞር ይችላሉ። መንገድ አለላቸው እኮ።»

ፎሙን አየሁት። አከራዬ ደሴ ድረስ ሄዶ አማርኛ የተማረ መሰለኝ። «ለበዓል ስመጣ አየዋለሁ» ብሎኛል፣ በዓሉ ሩቅ ነው።

እስከዚያ ማታ ማታ የምደውለው ለእትዬ ዘሃራ ነው። «ልዙር» ይሉኛል። ስልኩን ሳልዘጋ አብሬያቸው እዞራለሁ። መተላለፊያውን፣ አስፋልቱን፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር ሱቁ ጋ እንደደረሱ አውቃለሁ።

«እዚያች ደረጃ ላይ አረፍ ይበሉ» እላቸዋለሁ።

«አንች ደግሞ፣ ከዚያ ሆነሽ ታይኛለሽ?»

አላይም። እሳቸው አርፈው ይነሳሉ፣ ቆርቆሮው ሲመታ እሰማለሁ፣ እናቴ ከውስጥ «መጣሁ» እስክትል ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።