ተክሉ በቀጥታ ያሰረው ሽቦ

ተክሉ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበር፤ ናይሮቢም መጥቶ ሥራው ያው ነው። እዚያ በሩ ላይ ስሙ ተጽፎ ነበር። እዚህ ፓርክላንድስ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር፣ ሁሉም «ፉንዲ» ይለዋል፤ ባለሙያ ማለት ነው። ሙያ አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ደግሞ ከከተማው ንቅንቅ አይልም፤ ፖሊስ መንገድ ላይ «ኪፓንዴ!» ብሎ መታወቂያ ቢጠይቀው የሚያሳየው የጠቆረ እጁን ብቻ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት በድሩ መጣ። በድሩ የሐጂ ኑሬ ሾፌር ነው፤ ሐጂ ከናይሮቢው ኢስሊ ገበያ ወደ ሞያሌ ጨርቅ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው።

«ወንድምህ ተሻግሯል» አለው።

ተክሉ የያዘውን ፒንሳ ጣለ። ዘርይሁን፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ታናሹ፣ ዲላ ላይ ከአፈሳ አምልጦ፣ ጠረፉን በእግሩ አልፎ፣ በኬንያው ሞያሌ ኩለሱም የምትባል ነጋዴ ቤት ተደብቋል። ኩለሱም የላከችው ቃል አጭር ነው፦ እስከ ዓርብ እደብቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ እየተባለ ነው፤ የተገኘውን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ወደ መጣበት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ጊዜ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ሐጂ ረቡዕ ንጋት ላይ ተነሥተው ዓርብ ሞያሌ ሊገቡ፣ ልጁንም ይዘውት ሊመለሱ ቃል ሰጥተዋል። ማንም አላስገደዳቸውም። ችግሩ መኪናዋ ናት። ከኢሲዮሎ ወዲያ ሽፍታ ስለሚፈራ መኪና ለብቻው አይለቀቅም፤ በማለዳ ተሰልፎ፣ ታጅቦ ነው የሚሄደው፤ ያረፈደ እዚያው ያድራል። የሐጂ አሮጌ ዳትሰን ደግሞ በብርድ አትነሳም።

«ወላሂ፣ ሌላውን ሁሉ ታደርጋለች» አለ በድሩ። «ለንጋቱ ለሱብሂ ሶላት ብቻ ነው የማትነሳው።»

«ስታስነሳት እህ እህ ብላ የምትስለው ቁልፉን አዙረህ ስትይዘው ነው ወይስ ስትለቀው?»

«ስለቀው! በምን አወቅህ?»

ኮፈኑን ሳይከፍት ነው ያወቀው። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና ሙሉውን የባትሪ ኃይል ሁልጊዜ አይችልም፤ ስለዚህ ጣት የምታክል የሸክላ ሬዚስተር ፊቱ ተቀምጣ ኃይሉን ትቀንስለታለች። መኪናው ሲነሳ ግን አስነሺው ሞተሪኖ ባትሪውን ስለሚመጠው ለቦቢናው የሚተርፈው ጭላጭ ነው። ለዚያች ቅጽበት ብቻ፣ ሬዚስተሯን አልፎ በቀጥታ ወደ ቦቢናው የሚሄድ ሌላ ሽቦ አለ፤ ቁልፉ ሲለቀቅ እሱም ያርፋል። የሐጂ መኪና ላይ ይህ ሽቦ የለም። ሞተሪኖው ሲቀየር አንዱ ግድየለሽ ቆርጦ ጥሎታል፤ አዲሱም ሞተሪኖ የዚያ ሽቦ ማሰሪያ የለውም። ሪሌ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ብቻ ሽቦውን የሚያገናኝ ማብሪያ፣ ተፈልጎ መጨመር አለበት። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ተክሉ ሪሌ አግኝቶ ሊጀምር ሲል፣ ሐጂ ራሳቸው መጡና ከራሱ በላይ ቆሙ።

«ይቺ ሸክላ ናት ኃይሉን የምታንቀው?»

«አዎ ሐጂ፣ ግን...»

«ታዲያ ምን ትሠራለች? አውጣትና በቀጥታ እሰረው!»

«ሐጂ፣ እንዲያ ከሆነ ቦቢናው በረጅም መንገድ ግሎ ይቃጠላል። እስከ ማታ ብቻ ይስጡኝ።»

«ጨርቁን መቼ ልጭን ነው? አንተ ልጅ፣ አንተ አንቀልባ ላይ ሳለህ ሐረርጌን በጭነት መኪና የዞርኩ ሰው ነኝ። ደሞስ የምሄደው ለማን ወንድም ነው?»

ተክሉ ሪሌውን መሬት አስቀመጠ።

መጮህ የነበረበት እዚህ ላይ ነው! ቁልፉን ነጥቆ «አልሰጥም» ማለት ነበረበት። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ውለታ ሊውሉ ተነሥተዋል፣ እሱ ደግሞ ለማኝ ነው። ይሉኝታ ይዞት ነው እንላለን፤ ጨዋ ነው እንላለን። ሁለተኛ ጊዜ አፍ መክፈትን ብልግና አድርገን ያሳደግነው እኛው ነን፤ ልጅ ሲታነቅ እንኳ ጎንበስ ብለን «እንደ ፈቃድዎ» እንላለን። ተክሉም ጎንበስ አለ። ሬዚስተሯን ፈታ፣ ሽቦውን በቀጥታ አሰረ፣ ቁልፉን አዞረ።

ዳትሰኗ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሐጂ አጨበጨቡ፤ ግንባሩን ሳሙት። «አየህ?»

ተክሉ ሬዚስተሯን በበድሩ ኪስ ውስጥ ከተተና «ኢሲዮሎ ስትደርስ መልሰህ እሰራት» አለው በጆሮው።

«ሐጂ እያዩ? እንኳን ልፈታ ኮፈኑንም አልከፍት!»

ከዚያ በኋላ ተክሉ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። መኪናዋን ተከትሎ ሞያሌ መሄድ አይችልም። ስልክ የሚደውልለት ሰው የለም። ሐሙስ ማርሳቢት ገቡ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ዓርብ ደርሰዋል ብሎ አሰበ። ሠርክ የምትባለው ሚስቱ ለዘርይሁን ፍራሽ ተውሳ አነጠፈች። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ በር ላይ ወጣ። እሑድ ምግብ አልበላም። እጁ ግን ሥራውን ያውቃል፤ የሰው መኪና እያገላበጠ ዋለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሐጂ ከበድሩ ጋር መጡ። ሦስተኛ ሰው አልነበረም።

«ቦቢናው ተቃጠለ» አሉ ሐጂ፣ ዐይናቸው ቀልቷል። «ማርሳቢት ሳንደርስ፣ በረሃው መሃል። አጀቡ ጥሎን ሄደ። ሌላ ቦቢና በጭነት መኪና እስኪመጣልን ቅዳሜ ሆነ። እሑድ ደረስን። የዘንድሮ ዕቃ፣ ተክሉ፣ አንዱም አይረባ!»

«ልጁስ?» አለች ሠርክ።

በድሩ ነው የመለሰው፤ «ቅዳሜ ጠዋት ከሌሎች ጋር ጭነው መለሱት። ኩለሱም መኪናው ላይ ተጭኖ ሳለ አይታዋለች። እንዳያጋልጣት ብሎ ስሟን አልጠራም።»

ሐጂ አለቀሱ። የእውነት ነው ያለቀሱት፤ የተነገራቸውን ግን አንድም ቃል አላስታወሱም። ተክሉ ወንበር አቀረበላቸው። «ምን ይደረግ ሐጂ፣ ይቀመጡ። ደክሞዎታል» አለ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሠርክ ፊቱ ቆመች።

«ይቃጠላል ብለሃቸው ነበር?»

«ብያቸዋለሁ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

ያነጠፈችውን ፍራሽ መጠቅለል ጀመረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ለእናቱ መጻፍ አለበት። ወረቀቱን አውጥቶ «ለተከበሩ እናቴ» ብሎ ጀመረና ቆመ። ምን ብሎ ይቀጥል? ቢቀጥልስ በማን እጅ ይልከው? ከሚያውቃቸው ሰዎች በዚያ መንገድ የሚመላለሱት ሐጂ ኑሬ ብቻ ናቸው።