«ማን ይሄዳል?»

አክስቴ ጥሩ ሐሳብ በተነሳ ቁጥር «ማን ይሄዳል?» ትል ነበር። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምንሠራ፣ አርብ አርብ ከማዳሞቻችን ቤት ወጥተን የታመሙ እህቶችን የምንጠይቅ በጎ ፈቃደኞች ነን። አክስቴ በምትኖርበት ሰፈር፣ ጀበል አል-ወይብደህ ተሰብስበን መፈክር ስንመርጥ፣ እኔ «ማንም ብቻውን አይታመምም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

«ማን ይሄዳል?» አለች።

«እቴቴ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» ብዬ አሳቅኩባት።

መፈክሩን ቲሸርት ላይ አሳተምን። ለብሰነው ፎቶ በተነሳንበት አርብ፣ «አሞኛል፣ አልመጣም» ብላ ደወለችልኝ። ለሁሉም ነገርኩ። «እግዜር ይማራት» ተባለ፤ ፎቶውም ቀጠለ። የተከራየችው ክፍል ፎቶ ስንነሳ ከቆምንበት የሰፈሩ ደረጃ ጫፍ ላይ ነበር። «ማን ይሄዳል?» ያለ ሰው የለም፤ ይህን የምትጠይቀን እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ አከራይዋ ሞታ አገኘቻት። ለቀብሯ ያንኑ ቲሸርት ለብሰን ስንሄድ ግን አንድም የቀረች የለችም።